ሦስት አይሞላም

በከተማችን ሌባ ከታየ ስንት ዓመት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የወንጀል ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ የተሰረቀውን፣ የተፈነከተውን፣ የተዛተበትን መጻፍ ነበር፤ የሚጻፍ ግን አልነበረም። መጤዎቹ ሐይቃቸው ደርቆባቸው መጥተው ታችኛው ሰፈር በሰፈሩበት ዓመት የጻፍኩት ወንጀል ሁለት ነው። አንደኛው የጋሽ ምንይችል አውራ ዶሮ መጥፋት ሲሆን፣ ዶሮው የገባው በገዛ አማቻቸው ሆድ ውስጥ መሆኑ በሳምንቱ ታወቀ። ሁለተኛው እኔው ራሴ ብዕሬን ተሰረቅሁ ብዬ ያስመዘገብኩት ነው። ብዕሩ ጆሮዬ ላይ ነበር።

ሰው ግን ፈራ። ይብስ የፈራነው ደግሞ ከእነሱ ጋር አጥር የምንጋራው ነን። መጀመሪያ አጥራችን ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተከልን። ቀጥሎ ውሻ አሳደግን። ከዚያ ውሻው እንዳይሰረቅብን ሌላ አጥር አጠርንለት። መጤዎቹ ይህን ሲያዩ እኛ የምንፈራው ምን ቢኖር ነው ብለው እነሱም መፍራት ጀመሩ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙን ጥግ ይይዙ ነበር። ጥግ የሚይዝ ሰው ደግሞ ያስፈራል።

አለቃችን አለቃ ወንድአፍራሽ አንድ ቀን መዝገቤን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና ፊታቸው ጠቆረ። «ሕዝብ ይህን ያህል እየፈራ መዝገቡ ባዶ ከሆነ፣ ጥፋቱ የመዝገቡ ነው» አሉ። በማግስቱ በሩ ላይ የነበረው ሰሌዳ ወርዶ «የስጋት ቤት» የሚል ወጣ። ከሥሩ «ፈሪ ለእናቱ» ተብሎ በትልቁ ተጻፈ። ድሮ በዚህ ተረት እንቀልድ ነበር።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ነዋሪ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ እየመጣ የሚፈራውን ያስመዘግባል። መዝገቡ ሦስት ዓምድ አለው፤ ፈሪው፣ የሚፈራው፣ የሚፈራበት ምክንያት። ሦስት ሰው የፈራው ሰው፣ የተፈራበትን ነገር እንዳደረገው ይቆጠርና ይሸኛል። ምንም አልፈራሁም ያለ ነዋሪ «ልበ ሙሉ» ተብሎ ይጻፋል። በተከታታይ ሁለት ጊዜ ልበ ሙሉ የተባለ ሰው፣ አገር የሚፈራውን እሱ የማይፈራው ከእነሱ ጋር ምን ቢዋዋል ነው ተብሎ እሱም ይሸኛል።

መሸኘት ምን እንደሆነ ልናገር። ሸኚዎቹ አራት ናቸው፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ሰውየውን ይዘው የጨው ሜዳውን አቋርጠው ማዶ ያደርሱታል። ስንቅ ይይዛሉ፤ ለመልሳቸው። ማዶ ምን እንዳለ አናውቅም፤ የተመለሰ ሰው የለም። አለቃ ወንድአፍራሽ ይህን የማዶን ተስማሚነት ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱታል።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ማንም አልተጎዳም። ስድስት መስኮት ነበረን፤ በየመስኮቱ አንድ ጸሐፊ ከነመዝገቡ። ሕዝቡ ይሰለፋል፣ ደርሶ «መጤዎችን እፈራለሁ» ይላል፣ እንጽፋለን፣ እፎይ ብሎ ይሄዳል። «መጤዎች» የሚባል ሰው ስለሌለ የሚሸኝም አልነበረም። ሸኚዎቹ ጥላ ሥር ገበጣ ይጫወቱ ነበር።

በኋላ ከበላይ መርማሪ መጣ። መዝገቦቹን አየና «ጅምላ ስጋት አይጻፍም፤ የሚፈራው ሰው በስሙ ይጠራ» ብሎ ፈርሞ ሄደ። ጉድ የፈላው ያን ዕለት ነው። መጀመሪያ መስኮቴ ላይ የደረሱት ጋሽ ምንይችል ነበሩ።

«ማንን ነው የሚፈሩት፣ ጋሼ?»

«እነሱን ነዋ!»

«ስም ያስፈልጋል።»

«ያ ረጅሙ የለም? ቀይ ኮፍያ የሚያደርገው።»

«ስሙን፣ ጋሼ።»

«እኔ ምን ቤት ነኝ ስሙን የማውቀው!» ብለው መስኮቱን በከዘራቸው መቱት። «አንተ ሰውዬ፣ የማላውቀውን እኮ ነው የምፈራው!»

የቀሩትም እንደሳቸው ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት አጥር ለአጥር ስንኖር የአንድ መጤ ስም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከአንድ ስም በቀር። እሱን ስም ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ኢልባር።

ኢልባር ባልዲ አውጪ ነበር። በላይኛው ሰፈር እያንዳንዱ ቤት የውሃ ጉድጓድ አለው፤ ገመድ ይበጠሳል፣ ባልዲ ይወድቃል። ባልዲ በወደቀ ቁጥር ሴቱም ወንዱም አጥሩ ሥር ቆሞ «ኢልባር!» ብሎ ይጮሃል። እሱም ገመዱን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ይመጣል፣ ይወርዳል፣ ይዞ ይወጣል። አንዳንዱ ቤት ቁልፉን ለእሱ ትቶ ገበያ ይሄድ ነበር። ውሾቻችንም አይጮኹበትም።

እኔ ደግሞ ከሰው ሁሉ የባሰ አውቀዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ባልዲ ልይዝ ስጎነበስ ራሴ ጉድጓድ ገባሁ። ውሃው እስከ አገጬ ነበር፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ጎረቤቶቼ መጥተው ቁልቁል እያዩኝ እንዴት እንደገባሁ ይከራከሩ ጀመር። ኢልባር ሲመጣ አልተከራከረም፤ ወርዶ ብብቴን ያዘኝ። ሁለት ሰው የሚችል ገመድ ከሩቅ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ቆየን። እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለኝ ጉንጬን መታ መታ አድርጎ «ስምህን ንገረኝ» አለኝ።

«ዘርጋው።»

«እንደገና።»

«ዘርጋው።»

በእሱ አገር ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ዝም እንዲል አይፈቀድለትም አለኝ። ዝም ያለውን ውሃው የራሱ ያደርገዋል፤ ስለዚህ እስኪወጣ ድረስ ስም ይጠራል። የእኔ ስም ሲሰለቸን የሱን ጨመርን፣ ቀጥሎ የሚስቱን። ዘርጋው፣ ኢልባር፣ ሱናር እያልን ቆየን። ስወጣ ሱናር ከጉድጓዱ አፍ ላይ ጋቢ ይዛ ቆማ ነበር፤ «አይዞህ ዘርጋው» አለችኝ። ስሜን የሰማችው ከጉድጓድ ውስጥ ሲወጣ ነው። ከሚስቴ በቀር ስሜን እንደዚያ አድርጎ የጠራኝ ሰው አላስታውስም።

እንግዲህ ያ የስም ትእዛዝ በወጣ በሦስተኛው ማክሰኞ ጎረቤቴ እትዬ ደብሪቱ መስኮቴ ላይ መጡ። ወደ መስኮቱ ዘንበል ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ኢልባርን ጻፍልኝ፣ ልጄ።»

«እትዬ! እሱን ይፈሩታል?»

«ኧረ ምን በወጣው! ምን ላድርግ፣ ሌላ ስም አላውቅም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባል የለ? ለደንቡ ያህል ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢፈራው ምን ይሆናል?»

«ምክንያቱስ?»

አሰቡ። «ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ይቆያል በል።»

ጻፍኩ። ማክሰኞ ደግሞ የጸሐፊዎች ተራ ነው፤ እኛም ነዋሪ ነን። ባለፈው ተራዬ የማውቀውን ስም ለመጻፍ አፍሬ አንድ ጊዜ ልበ ሙሉ ተብያለሁ፤ ሁለተኛ ብባል ስንቅ የማይያዝለት መንገደኛ ልሆን ነው። መስኮቱ ሊዘጋ ሲል ብዕሩን ይዤ አሰብኩ። የማውቀው መጤ ስም ሁለት ነው። የሱናርን መጻፍ ነውር መሰለኝ፤ ሴት ልጅ ማስመዝገብ ለጨዋ ሰው አይገባም። ኢልባርን ግን እትዬ ደብሪቱ አንድ ብለውታል፤ እኔ ብጨምር ሁለት ነው። «ሁለት ነው፤ ሦስት አይሞላም» አልኩ ለራሴ፣ ድምፅ አውጥቼ። ከዚያም ጻፍኩ፤ ፈሪው ዘርጋው፣ የሚፈራው ኢልባር፣ ምክንያት ባልዲዬን ይወስዳል ብዬ።

መስኮቱ ስድስት መሆኑን ረስቼ አይደለም። አውቄ አላሰብኩትም።

ረቡዕ መዝገቦቹ ሲደመሩ በከተማው የተፈራ ሰው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የፈሩት አርባ አንድ ነበሩ። አለቃ ወንድአፍራሽ እጃቸውን እያፋተጉ «አያችሁ? ይህን የሚያህል አደገኛ ሰው በመካከላችን ሲመላለስ ኖሯል፤ መዝገብ ባይኖር ማን ያውቅ ነበር!» አሉ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሸኚዎቹ መጡ። የሚሸኘው ሰው ፊት ቆሞ ስጋቶቹን የሚያነብ ጸሐፊ ያስፈልጋል፤ ተራው የእኔ ነበር። ኢልባር ቤቱ የለም። የእትዬ ደብሪቱ ባልዲ ወድቆ ጉድጓዳቸው ውስጥ ነው ተባለ። ሄድን። ሸኚዎቹ በጉድጓዱ ዙሪያ ቆመው ሥራውን እስኪጨርስ ጠበቁት፤ አንዱማ ገመዱን ይዞ አገዘው። ውሃ እየተንጠባጠበ ወጣና ባልዲውን ለእትዬ ሰጣቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ኢልባር።»

«አብሮ ይስጥልን፣ እትዬ።»

ዋናው ሸኚ አንገቱን ነቅነቅ አደረገ፤ ስሙ ተረጋገጠ ማለት ነው። እኔም ማንበብ ጀመርኩ። ምንይችል፤ ዶሮዬን ይወስዳል ብዬ። ደብሪቱ፤ ጉድጓድ ውስጥ ይቆያል ብዬ። ኢልባር ጆሮው ውስጥ የገባውን ውሃ በጣቱ እያወጣ ያዳምጣል። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ራሴን አገኘሁት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ላልፈው ሞከርኩ። «አይሰማም» አለኝ ሸኚው፣ በትሕትና።

«ዘርጋው» አልኩ። «ባልዲዬን ይወስዳል ብዬ።»

ኢልባር ቀና አለ።

«ባልዲህ ወደቀ እንዴ?»

«አልወደቀም።»

«ወድቆ ከሆነ ለምን ጠዋት አልነገርከኝም? በደጅህ እኮ ነው ያለፍኩት።» ወደ ሸኚዎቹ ዞረ። «አንድ ጊዜ የሱን ላውጣለት፤ ቅርብ ነው።»

የሥራ ዝርዝር የማነብለት መስሎት ይሁን፣ ሁሉን ገብቶት ይሁን፣ እስከዛሬ አላውቅም። ሸኚዎቹ ጊዜ የለም አሉት። ገመዱን ከትከሻው አውርዶ በደንብ ጠቀለለና የእትዬ ደብሪቱ አጥር ላይ ሰቀለው። ከዚያ አብሯቸው ሄደ። እኔ የቀሩትን ሦስት ስጋቶች ለባዶ ግቢ አነበብኩ፤ ደንቡ ሁሉም ይነበብ ይላል።

እትዬ ደብሪቱ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። «ምን አደረገ? እንዲህ ያለ ደግ ሰው! ማን ነው ያስመዘገበው?» ይላሉ። መዝገቡን ከፍቼ ስማቸውን አሳየኋቸው። ዕንባቸውን ጠርገው አዩት።

«እኔማ አንድ ሰው ነኝ» አሉ። «የቀሩትን አርባውን ጠይቅ።»

ጠየቅኩ። ሁሉም አንድ አንድ ሰው ነበሩ። እኔንም ስጠይቅ መልሴ ያው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፍሬ ነው የኖርኩት፤ ማፈር ግን ሥራ አያስፈታም፣ በማግስቱም መስኮቴ ላይ ተቀመጥኩ።

ኢልባር ከሄደ በኋላ ይበልጥ ተፈራ። በሚቀጥለው ተራ መቶ ስልሳ ሰው አስመዘገበው። «እዚህ እያለስ እናየው ነበር፤ አሁን የት እንዳለ በምን ይታወቃል?» ይሉ ነበር፣ ሐሰትም አልነበረም። አለቃ ወንድአፍራሽ የተሸኘ ሰው ስም እንዳይደገም ከለከሉ። ሕዝቡ እንደገና ስም አጣ፤ አለቃም ስም ፈልጋችሁ አምጡ ብለው ልበ ሙሉ መቁጠሩን ለአንድ ዓመት አቆዩልን።

ያኔ ያየሁትን ብነግራችሁ አታምኑም። ነዋሪው ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ዳቦና ቅቤ ይዞ ታችኛው ሰፈር ወረደ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ መጤዎቹን ሰላም ስንላቸው የመጀመሪያችን ነበር። ጋሽ ምንይችል ኮፍያቸውን አውልቀው ለአንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው «እንደምን አደሩ እናቴ፤ ስምዎ ማን ይባላል?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሮጡ። በሳምንት ውስጥ ከመጤዎቹ አንድም ሰው ስሙን ጮክ ብሎ አይጠራም ነበር። እናት ልጇን በጭብጨባ ትጠራለች። ሙሾ ሲያወርዱ እንኳ ሟቹን «ያ» እያሉ ነው የሚያለቅሱት።

ጉድጓዶቻችንም ባልዲ በባልዲ ሆኑ። የወደቀውን የሚያወጣ የለም፤ አዲስ እናስራለን፣ እሱም ይወድቃል። አሁን አንዳንዱ ቤት ውሃው ከባልዲው በታች ነው። ገመዱ እስከዛሬ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል፤ የሚነካው የለም፣ እንፈራዋለን።

ዓመቱ አልቆ ልበ ሙሉ መቁጠር እንደገና በተጀመረ በሁለተኛው ተራ፣ ሱናር መስኮቴ ላይ መጣች። አሥራ ሁለት ዓመት የኖረ መጤ ስሙን ሰጥቶ ከማለ ነዋሪ ይሆናል፤ ያ ሁሉ መጤ ጊዜው ደርሶለት ስሙን ለመስጠት ፈርቶ ሲቀር፣ የማለችው እሷ ብቻ ናት። ለምን እንደማለች ወዲያው ገባኝ። የተሸኘ ሰው የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ የሚፈቀደው ለነዋሪ ነው።

«ዘርጋው» አለችኝ። ልክ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ እንደጠራችኝ ነው።

«አቤት።»

«አሁን መጠየቅ እችላለሁ። ኢልባር የት ደረሰ?»

የተሸኙትን መዝገብ አወጣሁ። ከስሙ ፊት ለፊት የተጻፈው አንድ ቃል ነው።

«ማዶ» አልኳት።

«ማዶ የት ነው?»

«ማዶ ነው የሚለው።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ።»

ራሷን ነቀነቀች። መዝገቡን ራሷ እንድታየው አዞርኩላት፤ ማንበብ አትችልም፣ ግን ጣቷን ይዤ ስሙ ያለበትን ቦታ እንዳስነካት ጠየቀችኝ፣ አስነካኋት። ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። እኔም ግዴታዬን ጠየቅኳት። ስጠይቃት ምላሴ አልተያዘም፤ ስንት ዓመት የለመደው ነገር ነው።

«ነዋሪ ከሆንሽ ስጋት ማስመዝገብ አለብሽ፣ ሱናር። የምትፈሪውን ሰው። በስሙ።»

«ማንንም ቢሆን?»

«ማንንም።»

ትኩር ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ከእናንተ ውስጥ ስሙን የማውቀው አንድ ሰው ነው» አለች። «ዘርጋው።»

ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከርኩ። «ምክንያት?»

«ስሜን ያውቃል።»

በጥሩ እጅ ጽሕፈት ጻፍኩት። ስትሄድ መዝገቡን ይዤ ወደ አለቃ ወንድአፍራሽ ሮጥኩ፤ ነዋሪ በነዋሪ አይፈራም ብለው ይሰርዙታል ብዬ ነበር። ዓምዱን አዩት። «መዝገቡ የሚፈራው ሰው ነው የሚለው፤ መጤ አይልም። ስም ስም ነው» አሉ። ከዚያም መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ፤ ሃያ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። «ለመሆኑ ይሄ ዘርጋው የተባለው ማን ነው?» አሉኝ።

ስመለስ እትዬ ደብሪቱ መስኮቱ ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ባለፈው ተራ ልበ ሙሉ ተብለው ሰውነታቸው አልቋል፤ ይቅር የምላቸው ይመስል እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ያቺ ልጅ አንተን ስትል ሰማኋት» አሉ። «ነዋሪ መጻፍ መፈቀዱንም በበሩ ሰማሁ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አንተን የመሰለ ጎረቤት የለኝም። ታውቀዋለህ።»

«አውቃለሁ።»

«አትቀየመኝ፣ ልጄ። ሁለት ነው፤ ሦስት አይሞላም።»

ጻፍኩላቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ይህን የምጽፈው ሰኞ ከሰዓት ነው። ነገ ማክሰኞ ነው፤ የጸሐፊዎች ተራ። እኔም ባለፈው ልበ ሙሉ ተብያለሁና ነገ ስም የግድ ነው። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ መስኮቱን ዘግቼ ማንን ልጻፍ ብዬ ቁጭ አልኩ። የከተማውን ነዋሪ ስም በሙሉ በቃሌ አውቃለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ስም መጀመሪያ ወደ እጄ የመጣው የሱናር ነው። አዲስ ነዋሪ ናት፣ ዘመድ የላትም፣ ማንም አይከራከርላትም፣ ገና ማንም አላስመዘገባትም። «አንድ ነው» ስል ራሴን ሰማሁት። «ሦስት አይሞላም።»

ብዕሩን አስቀመጥኩ። በዚህ ቤት ስሠራ ስንት ሺህ ስጋት ጽፌያለሁ፤ እውነት ሲፈራ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም ነበር። ጉድጓድ ውስጥ እንደዚያ አልቀዘቀዘኝም። ነገ ጠዋት እዚህ መስኮት ላይ የሚቀመጠውን ሰው አውቀዋለሁ፤ ጨዋ ነው፣ እጅ ጽሕፈቱ ያምራል፣ ለሁሉም ምክንያት ያገኛል። እሱ ነገ እስኪመጣ ልጠብቀው አልደፈርኩም። ደንቡ ጸሐፊ ማክሰኞ ያስመዝግብ ይላል እንጂ ሰኞ ቢቀድም የሚከለክል የለም። ብዕሩን አንስቼ ጻፍኩ።

ፈሪው፦ ዘርጋው። የሚፈራው፦ ዘርጋው። ምክንያት፦ «ሦስት አይሞላም» ይላል።

ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቄ ከላይ ጀምሬ ቆጠርኩ። ሱናር፣ ደብሪቱ፣ ዘርጋው። ሦስት ሞላ።